ስለ ቅድስናና ስለ መንፈሳዊ ትጋት፤ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ደብራችን ከተተከለችበት ቀን ጀምሮ ኀምሳ ዓመት ሲሞላ ለማየት ያበቃን እግዚአብሔር ስሙ ይመስገን። የመጀመሪያውን ድንጋይ ከተሸከሙት መካከል ብዙዎቹ ዛሬ በዐጸደ ነፍስ ናቸው። እነርሱ በላብና በጸሎት ያቆሙትን እኛ በዕልልታ እናከብራለንና፤ ነፍሳቸውን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ ዕቅፍ ያኑርልን። አባታችን አስተዳዳሪው በዚህ በዓል ጥቂት ቃል እንድናገር ባዘዙኝ ጊዜ ምን ልናገር ብዬ አሰብሁ። ስለ ሕንፃው ማማር እንዳልናገር ዐይናችሁ ያየዋል፤ ስለ ደብሩ ታሪክ እንዳልናገር ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሌዎች በዚሁ መጽሐፍ ጽፈውታል። ስለዚህ ነገሬን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ይኸውም ክርስቲያንን ሁልጊዜ በማይወድ ዓለም መካከል የሚኖር ሰው ቅድስናውን ጠብቆ ለመገኘት በምን ይዘጋጃል? ደግሞስ መቼ ይዘጋጃል? የሚል ነው።

አስቀድሜ ስለ በዓሉ ስም ጥቂት ልበል። ኢዮቤልዩ የተባለው ሥርዓት በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተጻፈ ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ ኀምሳኛው ዓመት ይቀደስ ነበር፤ በባርነት የተያዘው አርነት ይወጣል፤ በድህነት ምክንያት ርስቱን የሸጠውም ወደ ርስቱ ይመለሳል። ይህን ደስታ የሚያበሥረው ቀንደ መለከት የሚነፋው በሰባተኛው ወር በዐሥረኛው ቀን፤ ማለት ሕዝቡ ስለ ኀጢአቱ ራሱን በሚያዋርድበት በማስተስረያ ቀን ነበር። እንግዲህ የኢዮቤልዩ ደስታ በንስሐ በር የሚገባ ደስታ እንደ ሆነ ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁና።

አሁን ወደ ነገራችን እንግባ። ቅድስና ምንድር ነው? በግእዙ ቀደሰ የሚለው ግስ አመሰገነ፤ አከበረ፤ ለየ ይሆናል። የቤተ መቅደሱ ጽዋ ከወርቅ ወይም ከብር ስለ ተሠራ ብቻ ቅዱስ አይባልም፤ ለሌላ ሥራ እንዳይውል ለእግዚአብሔር ስለ ተለየ ነው እንጂ። ሰውም እንደዚሁ ነው። ክርስቲያን በጥምቀት ቀን ለእግዚአብሔር ተለይቷል፤ ከዚያ በኋላ ምላሱ ለሐሰት፤ እጁ ለግፍ፤ ልቡ ለቂም እንዲያገለግል ቢፈቅድ፤ የቅዳሴውን ጽዋ ወስዶ ጠላ እንደ ቀዳበት ሰው ይቈጠራል።

ሁለተኛው ቃል ትጋት ነው። ተግሀ ማለት ነቃ፤ ሳይተኛ አደረ ማለት ነው፤ መላእክትን ትጉሃን ማለታችንም እንቅልፍ ስለሌላቸው ነው። በወንጌል የተነገረላቸው ዐሥሩ ደናግል ሁሉም መብራት ይዘው ነበር፤ ሁሉም ሙሽራውን ይጠብቁ ነበር፤ ሙሽራው በዘገየም ጊዜ ሁሉም አንቀላፍተዋል። ልባሞቹን ከሰነፎቹ የለያቸው ዘይቱ ነው፤ ይህም ዘይት ገበያው ክፍት ሳለ በቀን የተገዛ ነበር። በመንፈቀ ሌሊት ጩኸት ሲሰማ ዘይት የሌለው ከባልንጀራው መበደር አልቻለም።

ሦስተኛው ቃል ሰማዕት ነው። ይህ ቃል ሰምዐ ከሚለው፤ ማለት ሰማ ከሚለው የወጣ ነው፤ ስምዕም ምስክር ይሆናል። የግእዝ ቋንቋችን ስለ ክርስቶስ ደሙን ያፈሰሰውን ሰው ሲጠራው የሞተ ብሎ አልጠራውም፤ የሰማና የመሰከረ ብሎ ጠራው። ስለዚህ በመከራ ቀን መመስከር የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ በሰላም ቀን መስማት ያስፈልገዋል። ያልሰማውን ነገር ማን ይመሰክራል?

ዓለም ክርስቲያንን የሚቃወመው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ በሰይፍ፤ ሁለተኛው በድሎት ነው። ሰይፉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ድሎቱን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በታሪኩ በ8ኛው መጽሐፍ የጻፈው ነገር ለእንደ ዛሬው ያለ በዓል እጅግ የሚገባ ነው። ከዲዮቅልጥያኖስ ስደት አስቀድሞ ክርስቲያኖች በሰላም ኖረው፤ በቤተ መንግሥት ሹመት አግኝተው፤ የቀደመው ሕንፃ አልበቃቸው ብሎ በየከተማው ሰፋፊ አብያተ ክርስቲያናት ያንጹ እንደ ነበር ይናገራል። ነገር ግን በዚያው ሰላም ውስጥ ቸልታና ምቀኝነት ገባ፤ መሪ ከመሪ፤ ሕዝብም ከሕዝብ ይጣላ ጀመር ይላል። በ295 ዓ.ም. የንጉሡ ዐዋጅ ወጣና ሕንፃዎቹ ፈረሱ፤ መጻሕፍት ተቃጠሉ፤ ካህናትም ወደ ወህኒ ተጋዙ። ያን ጊዜ እጅግ ብዙ ሰዎች ጸኑ፤ ብዙዎች ደግሞ ወደቁ። አባቶቻችን የባሕረ ሐሳብ መምህራን እንደሚያስተምሩት ከዓመተ ምሕረት ላይ 276 ሲቀነስ የሚገኘው ዓመተ ሰማዕታት የሚቈጠረው ከዚሁ ንጉሥ ዘመን ጀምሮ ነው። ንጉሡ ከነገሠ በኋላ ዐዋጁ እስኪወጣ ድረስ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት የዘይት መግዣ ቀን ነበር፤ አንዱ ገዛበት፤ ሌላው ተጣላበት።

እንግዲህ የሚተጋ ሰው መከራን እየፈለገ ይሂድ ማለት ነውን? አይደለም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ጴጥሮስ፤ ተፍጻሜተ ሰማዕት የምንለው፤ በስደቱ ዘመን ለወደቁት የንስሐ ቀኖና ሲሠራ፤ ሳይጠሩ በገዛ ፈቃዳቸው ወደ ገዳዮች የሚሮጡትን ስለ ችኮላቸው ገሥጾአቸዋል። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ወደ ፈተና እንዳይገቡ እንዲጸልዩ አስተምሯቸዋልና። እርሱ ራሱ ግን ጊዜው በደረሰ ጊዜ፤ በ304 ዓ.ም. ኅዳር 29 ቀን፤ አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ።

በዚያው ወራት የሆነውን የአባ እንጦንስን ነገር ደግሞ እንመልከት። የጻፈልን ለሀገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። እንጦንስ የሰማዕታቱን ዜና ሰምቶ ከበረሓ ወደ እስክንድርያ ወረደ፤ በወህኒና በማዕድን ጕድጓድ ያሉትን እስረኞች አገለገለ፤ ወደ ፍርድ ሸንጎ ሲገቡም አጽናናቸው። ዳኛው መነኮሳት ከከተማ ይውጡ ብሎ ባዘዘ ጊዜ ሌሎቹ ሲሸሸጉ፤ እርሱ ልብሱን አጥቦ በማግሥቱ በዳኛው ፊት ከፍ ባለ ቦታ ቆሞ ታየ። ሰማዕትነትን ይወድ ነበር፤ ራሱን አሳልፎ መስጠት ግን አልወደደም፤ እግዚአብሔርም ለብዙዎች መምህር ይሆን ዘንድ ጠበቀው። ስደቱ ሲያልፍ ወደ በዓቱ ተመልሶ በየቀኑ በኅሊናው ሰማዕት ሆኖ ኖረ ይለናል አትናቴዎስ። ይህ ቃል ለእኛ ታላቅ መጽናኛ ነው። ሰይፍ ላልመጣበት ሰውም ሰማዕትነት አለውና፤ ይኸውም ማንም በማያየው ስፍራ ኅሊናን ንጹሕ አድርጎ መጠበቅ ነው።

ይህን ነገር ባደግሁበት በቅኔ ቤት ቋንቋ ላስረዳ። ወደ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚቈጥረው ጉባኤ ቃናን ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ትንሹን ቅኔ። ቁራሹን ለምኖ፤ ውሻ ተከላክሎ፤ ደበሎውን ለብሶ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ያችን ሁለት ቤት ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ሲቀና ደግሞ ይጨመርለታል፤ በመጨረሻም ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። በበዓል ቀን በሊቃውንት መካከል ቆሞ መወድስ የሚቀኘውን ሰው ስናይ ቅኔው በዚያች ሰዓት የመጣለት ይመስለናል፤ ነገር ግን ከጀርባው ብዙ ሺሕ ጉባኤ ቃና አለ። የሰማዕታትም ነገር እንዲሁ ነው። በሞታቸው ቀን የተቀኙት መወድስ ነው፤ የሠለጠኑት ግን በጉባኤ ቃና፤ ማለት በትንሿ ጾም፤ በትንሿ እውነት፤ በትንሿ ይቅርታ ነው።

ሰምና ወርቅ የምንለውም ከአንጥረኛ የተወሰደ ነው። አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ በላዩ ጭቃ ይለብጥበታል፤ ከዚያ በኋላ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም ሰሙ በለቀቀው ቦታ ይፈስሳል። ስለዚህ የጌጡን ቅርጽ የሚወስነው እሳቱ አይደለም፤ ሰሙ ለስላሳ በነበረ ጊዜ የሠራው እጅ ነው። የእኛም የዕለት ኑሮ እንደዚያ ሰም ነው፤ ለጊዜው ለስላሳ ነው፤ እንደ ወደድነው እንቀርጸዋለን። እሳት የመጣ ቀን ግን ቅርጹን እንለውጥ ብንል ጊዜ አይገኝም።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ጵጵስና ከተሾሙት ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ከዚያ በፊት የሰላሌ ተወላጅ፤ የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ፤ የመጻሕፍትም መምህር ሆነው በጸጥታ ኖረዋል። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን በያዘበት በ1928 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ዐርበኞች ከተማዪቱን ለማስለቀቅ በዘመቱ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ነበሩ፤ ዘመቻውም ሳይሳካ በቀረ ጊዜ በጠላት እጅ ወደቁ። ለወራሪው ተገዙ ብለው ሕዝቡን እንዲያዝዙ፤ ዐርበኞችንም እንዲያወግዙ ተጠየቁ። እርሳቸው ግን ለጠላት የሚገዛውን አወገዙ፤ ሐምሌ 22 ቀንም በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። የምዕራቡ ጳጳስ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ እንደዚሁ ተገደሉ። እነዚህ አባቶች በዚያች ሰዓት የሚመልሱትን ቃል ለማሰብ ጊዜ አልተሰጣቸውም፤ መልሱ ግን በብዙ ዘመን ጸሎትና ትምህርት አስቀድሞ በውስጣቸው ተዘጋጅቶ ነበር።

በዚሁ በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተደረገውን ግፍ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት ነገሩን ተባብረውበታል ተብለው ተወነጀሉ። ግንቦት 12 ቀን የጻድቁ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት በዓል ነውና ካህናቱና ምእመናኑ ተሰብስበው ሳሉ፤ በጄኔራል ማለቲ የሚታዘዘው ጦር ገዳሙን ከበበ። መነኮሳቱ ላጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ፤ ዲያቆናቱ ደግሞ ከጥቂት ቀን በኋላ በደብረ ብርሃን አጠገብ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ለሮም ያስታወቀው የሟቾች ቊጥር 449 ነበር፤ ነገሩን በኋላ ዘመን የመረመረው የታሪክ ጸሐፊ ኢያን ካምቤል ግን የሞቱት ከ1,800 እስከ 2,200 እንደሚደርሱ ገምቷል። ወደዚያ ገዳም የመጡት ለመሞት አልነበረም፤ በዓል ለማክበር ነበር፤ ልክ እኛ ዛሬ እንደ መጣን ማለት ነው። ከመካከላቸው በቅዳሴው ጊዜ ልቡ በገበያ የነበረ ሰው ቢኖር፤ ከወንድሙ ሳይታረቅ የመጣም ቢኖር፤ ይህ የመጨረሻዬ ነው ብሎ አላወቀም። ስለዚህ የምንቆምባት ቅዳሴ ሁሉ የመጨረሻዪቱ እንደ ሆነች አድርገን መቆም ይገባናል።

መከራው በባዕድ እጅ ብቻ የመጣም አይደለም። ሁለተኛው ፓትርያርካችን ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ መንግሥት በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በስውር ተገደሉ። ዐፅማቸው ወጥቶ በክብር ያረፈው ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያን ዘመን በልጅነት ያየን ሰዎች፤ ጸሎት እንደ ኋላ ቀርነት ሲቈጠር፤ ማተብ ማሰርም ሲያስነቅፍ እናስታውሳለን።

የዘመናችንንም ነገር እንይ። በ2007 ዓ.ም. የካቲት 8 ቀን በሊቢያ ባሕር ዳር ስለ ክርስትናቸው የተሠዉት የ21 ሰዎች ዜና ተሰማ፤ ከእነርሱ 20ው ግብፃውያን፤ አንዱ ጋናዊ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 11 ቀን ደግሞ ሠላሳ ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በዚያችው አገር ተሠዉ። እነዚህ ጳጳሳት አልነበሩም፤ መነኮሳትም አልነበሩም፤ እናታቸውን ለመርዳት ሥራ ፍለጋ የወጡ ድሆች ወጣቶች ነበሩ። በረሓውን የተሻገሩት የነገረ መለኮት መጻሕፍት ተሸክመው አይደለም፤ በቤታቸው የተማሩትን ይዘው ነው። ማተቡን ያሰረች እናት፤ አቡነ ዘበሰማያትን ያስደገመ አባት፤ ፊደል ያስቈጠረ የኔታ፤ እነዚህ ለዚያች ቀን ስንቅ የሰጡ ሰዎች ናቸው። ዛሬም በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ፤ ቤተ ክርስቲያን ሳታይ ዓመታት የምትቈጥር እኅታችን፤ ረቡዕንና ዓርብን በማጀት ቆማ ብትጾም የምትጾመው ከዚሁ ከእኛ ይዛው በሄደችው ስንቅ ነው። የእኛ ልጆች ነገ ወዴት እንደሚበተኑ አናውቅም። የሚወስዱት ስንቅ ግን ዛሬ በእኛ እጅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብድ አንድ ነገር አለ። ዓለም የሚጠላንን ያህል እኛም መልሰን ብንጠላ፤ ሥጋችንን ሳይገድል ቅድስናችንን ገደለው ማለት ነው። ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ለወጋሪዎቹ ጸለየ፤ ልብሳቸውን ይጠብቅ የነበረው ሳውልም በኋላ ብርሃነ ዓለም ጳውሎስ ሆነ። በሊቢያ ስለ ተሠዉት ወንድሞቻችን ባለቀስን ጊዜ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ግፉን አውግዘው ከእኛ ጋር አዝነዋል፤ ይህን አለመርሳት የእውነት ሥራ ነው። ደግሞም በዘመናችን ከአንዲት ጥምቀት የተወለዱ፤ ከአንድ ጽዋ የጠጡ፤ በወገንና በቋንቋ ተለያይተው ደም ሲፋሰሱ አይተናል። ለባዕድ ሰይፍ የተዘጋጀ ሰው ለዚህ ፈተና ሳይዘጋጅ ቀርቶ ከወደቀ ትጋቱ ምን ረባው? ሰማዕት የሚሞት ነው እንጂ የሚገድል አይደለም።

እንግዲህ ትጋታችን በምን ይገለጥ? አራት ነገር ልበልና ላብቃ።

አንደኛ፤ ንስሐ ነው። ብዙ ሰው የንስሐ አባቱን የሚጠራው ለድግስና ለፍትሐት ብቻ ሆኗል። ነጋዴ ሒሳቡን በየወሩ ይመረምራል፤ ነፍሳችንን ግን በሽታ እስኪጥለን ድረስ አንመረምራትም።

ሁለተኛ፤ ትንሽም ብትሆን የማትቋረጥ ጸሎት ናት። ሰባቱን ጊዜያት ለመጸለይ የማይችል ሠራተኛ ማለዳና ማታ ይጸልይ፤ ነገር ግን አያስታጕል። ዛሬ መቶ ሰግዶ ወር ከሚያርፍ፤ በየቀኑ ሦስት የሚሰግድ ይሻላል።

ሦስተኛ፤ ልጆችን ማስተማር ነው። ልጆቻችን ቅዳሴውን በዜማው ብቻ ሳይሆን በትርጓሜው እንዲያውቁት እናድርግ። ለሕንፃ ያወጣነውን ገንዘብ ያህል ባይሆን እንኳ ለመምህርና ለመጻሕፍት እናውጣ፤ የኔታው ከተራበ ነገ ማን ይሰማል? ማንስ ይመሰክራል?

አራተኛው፤ ዕርቅና መመለስ ነው። ኢዮቤልዩ ብለን በዓል ካደረግን የኢዮቤልዩን ሥራ እንሥራ። ዕዳ ያለበት ድሃ ካለን እንተውለት። የወንድማችን ድንበር ከተገፋ እንመልስ። የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብና መዝገብ በእጃችን የያዝን፤ ካህንም ብንሆን የሰበካ ጉባኤ አባልም ብንሆን፤ ሒሳቡን በብርሃን እናድርግ። በዚህ ዐጥር ውስጥ ግራና ቀኝ ቆመው እያሸበሸቡ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሰዎች ካሉ፤ ታቦቱ ከመንበሩ ከመነሣቱ በፊት ሽማግሌ ይነሣና ያስታርቃቸው። መለከቱ በማስተስረያ ቀን የተነፋው ስለዚህ ነው። ከአውሳብዮስ ታሪክ እንደ ሰማነው፤ ያ ያማረ ሕንፃ ከውጭ ከመፍረሱ በፊት ከውስጥ በጠብ ተሰንጥቆ ነበርና።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ከእንግዲህ ባለው ኀምሳ ዓመት ደብራችን ምን እንደሚገጥማት እግዚአብሔር ያውቃል። ሰላም ቢሆን ሰላሙ እንዳያስተኛን፤ መከራም ቢሆን መከራው ባዶ እጃችንን እንዳያገኘን፤ ዛሬ ገበያው ክፍት ሳለ ዘይቱን እንግዛ። የሰማዕታቱ አምላክ ይህችን ደብር፤ ካህናቷንና ምእመናኗን፤ በቅርብና በሩቅ የተበተኑትን ልጆቿን ሁሉ ይጠብቅልን፤ ለሀገራችንም ፍቅርን ያውርድልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።